ቀስ እያለ የሚተነፍስ ጎማ

በአንድ ጊዜ የሚፈነዳ ጎማ ጨዋ ጎማ ነው። ምስማር ይረግጣል፣ ጥሽ ይላል፣ ይተኛል፤ ባለቤቱም ይወርዳል፣ ይሳደባል፣ ያስለጥፋል፣ መንገዱን ይቀጥላል። የእኔ የኋላ ጎማ ግን ለእንደዚህ ዓይነት ግልጽነት አልታደለም ነበር። ማታ ስገባ በጣቴ ስጫነው ድንጋይ ነው። ጠዋት ስወጣ ግማሹ ንፋስ የለም። ምስማር አላየሁ፣ ድምፅ አልሰማሁ፣ የተጣላሁት ሰው የለ። እንዲያው በትህትና፣ ማንንም ሳይረብሽ፣ ቀስ እያለ ሲተነፍስ ያድራል።

ሞተር ሳይክሏን ያገኘኋት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ነው። ቀይ ነች ተብሎ ነበር፤ እኔም ቀይ ነች ብዬ ፈረምኩ። የምኖረው የካ፣ ከላምበረት ሽቅብ ወጥቶ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል ነው። ታክሲ እኛ ጋ አይደርስም፤ ዳገቱን አይቶ ታች ያራግፈንና ይመለሳል። ስለዚህ ሞተር መግዛቴን ላልጠየቀኝ ሰው ሁሉ ሳወራ ከረምኩ። ከእንግዲህ ለእኔ ዳገት የለም አልኩ። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ያቺን ሞተር እየገፋሁ ዳገቱን የወጣሁት እሷ እኔን ይዛ ከወጣችው ይበልጣል። እንጨት የተጫነች አንዲት አህያ ሁለት ጊዜ ቀድማኛለች፤ በሁለተኛው ዞር ብላ ያየችኝ ይመስለኛል።

ሰፈራችን ደግሞ ባለሙያ አያጣም። ሞተር ነድቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስለ ሞተር ጎማ የሚያውቀው ነገር አለው። አንዱ «የእንጦጦ ብርድ ነው፤ ንፋሱን ያኮማትረዋል» አለኝ። ታዲያ ቀን ሲሞቅ ለምን አይመለስም ስለው ባላዋቂነቴ አዝኖ ሄደ። አንዷ «ዓይን ነው፤ ከሰፈሩ አንተ ብቻ ነህ ሞተር ያለህ፣ ጸበል እርጭበት» አለችኝ። ሌላው ደግሞ አንድ ሰው ሆን ብሎ እያስተነፈሰብኝ እንደሆነ በምስጢር ነገረኝ፤ ማን እንደሆነም ያውቃል፤ ግን ነገር ውስጥ መግባት አይፈልግም።

እኔም ሰው አላሳፍርም፤ ሦስቱንም አመንኩ። ጎማውን ጆንያ አለበስኩት። ጸበል ረጨሁበት። ቫልቮላውን፣ ማለትም ንፋስ የሚገባበትን አፉን፣ በፌስታል ጠቅልዬ በክር አሠርኩት። ጠዋት ክሩ እንዳሠርኩት ነው፣ ፌስታሉ አልተነካም፣ ጆንያው ይሞቃል፤ ጎማው ግን ተኝቷል።

ላምበረት አውቶቡስ ተራው አጠገብ አንድ ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ ነበር። በሕይወቱ ተሳስቶ የሚያውቅ ሰው አይመስልም። የውስጡን ጎማ አውጥቶ ነፋና ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ነከረው። ውኃው እንኳን የጎማ ቀዳዳ፣ ዓሣ ቢኖርበትም አያሳይም። እያገላበጠ አረፋ ጠበቅን፤ አረፋ የለም። ቫልቮላው አፍ ላይ ምራቁን ቀብቶ አየ፤ ምንም የለም።

«ይሄ ጎማ ጤነኛ ነው» አለኝ።

«ጠዋት ጠዋት ይተኛል እኮ።»

«አንተም ማታ ማታ ትተኛለህ። ታመሃል?»

በሁለተኛው ሳምንት ተመለስኩ፤ እንደገና ነከረው፣ እንደገና ጤነኛ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ሳፋውን እንኳን አላወጣም። ፊቴን ብቻ አየና «አንተን የያዘህ ጎማ አይደለም፤ ጭንቀት ነው» ብሎ አሰናበተኝ። አዲስ የውስጥ ጎማ ልግዛ ስለው «ደህናውን ልትጥል?» ብሎ ተቆጣኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ። ጤነኛ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ በየጠዋቱ እየነፋሁ እነዳዋለሁ አልኩ። መንፊያ ግን አልነበረኝም። በሰፈሩ ውስጥ መንፊያ የነበረው እማማ ቤት ብቻ ነው።

እማማ ከእኔ ቤት ሦስተኛው አጥር ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። የተማሪ ደንብ ልብስ ይሰፋሉ፤ የሰፈሩ ልጅ ግማሹ የተማረው በእሳቸው ስፌት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጅ ነበራቸው። «ነበራቸው» ስል ቢሰሙኝ ምላሴን ይሰፉት ነበርና ላርመው፤ አንድ ልጅ አላቸው። ይህ ልጅ ከእንጦጦ ቁልቁል ፍሬን ሳይነካ በብስክሌት በመውረድ የሰፈሩን ዶሮዎች ዕረፍት የነሳ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ብስክሌቱን ሸጠና ከላምበረት ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሱዳን ገብቼ ሥራ ስይዝ እደውላለሁ አለ። መንፊያውን ግን አልሸጠም፤ «ስመለስ ሌላ ብስክሌት እገዛለሁ፣ ለሰው እንዳትሰጪብኝ» ብሎ ነው የሄደው። ከጎንደር ደወለ። ከመተማ ደወለ። ከዚያ ዝም አለ። እማማ ሲደውሉለት ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ደንበኛው ለጊዜው ሊገኙ አይችሉም ትላለች። እኔ ሞተር በገዛሁበት ጊዜ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

«ለጊዜው ነው ያለችው» ይሉ ነበር እማማ። «እሷ ስንቱን ስትከታተል ነው የምትውለው። ዝም ብላ አትናገርም።»

ሰፈሩ ከሴትዮዋ የበለጠ አውቃለሁ ይል ነበር። በረሃ ላይ ቀረ የሚል አለ፤ ባሕር በላው የሚልም አለ። ያየ የለም፤ ሁሉም የሰማ ነው። ባልተረጋገጠ ወሬ እናት ደጅ አይኬድም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ወሬውን ለቀረው ሰው ሁሉ ነገረና ለእሳቸው ብቻ ሳይነግር ቀረ። ይህንን እኛ ሰፈር ጨዋነት እንለዋለን።

መርዶ ደግሞ ሰዓት አለው። ሐዘን የመጣበት ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከመንገደኛ አፍ ሳይሰማ፣ ጎሕ ሲቀድ ይነገረዋል። የሚነግሩትም ምራቃቸውን የዋጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ጋቢ ለብሰው ይመጡና በሩን ቀስ አድርገው ያንኳኳሉ። ልጇ የጠፋባት እናት ጠዋት በሯ ሲንኳኳ ምን እንደምታስብ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን አልገመትኩም። ጎማ ላይ ነበርኩ።

የመጀመሪያውን ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄጄ በራቸውን ቀስ አድርጌ አንኳኳሁ። ሰው እንዳልረብሽ መሆኑ ነው።

«ስንት ናችሁ?» አሉ እማማ ከውስጥ፣ በመጨረሻ።

ማን ነህ አላሉም። እኔም ግራ ገባኝ።

«ብቻዬን ነኝ፣ እማማ።»

«እውነትህን ነው? ሌላ ሰው የለም?»

«ማንም የለም። መንፊያ ቢያውሱኝ ብዬ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ፊታቸው አመድ መስሏል። መንፊያውን አምጥተው ሰጡኝና ነፍቼ እስክጨርስ አጠገቤ ቆሙ። ከዚያ «ሁለተኛ ከማንኳኳትህ በፊት ያንን ክላክስህን ንፋው። አንተ መሆንህን ልወቅ» አሉኝ። መርዶ ብቻውን እንደማይመጣ፣ ክላክስ እየነፋም እንደማይመጣ ያኔ ገባኝ። ደነገጥኩ። አዘንኩም፤ ግን ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር ሐዘኔን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። ጠዋት ሞተሯን እስከ አጥራቸው እገፋለሁ፣ ክላክሱን እነፋለሁ፣ አንኳኳለሁ።

«ዛሬም ንፋስ ነው?» ይላሉ ከውስጥ።

«ዛሬም ንፋስ ነው።»

«ተመስገን» ብለው ይከፍታሉ።

በእኔ ጎማ መተንፈስ ፈጣሪውን የሚያመሰግን ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር። እኔ ተንበርክኬ እየተሳደብኩ እነፋለሁ፤ እሳቸው መንፊያው ውስጥ ያለችውን ቆዳ በዘይት እንዳሹዋት ይነግሩኛል። «እንዳይደርቅበት ብዬ ነው» ይላሉ። እንዳይደርቅበት ሲሉ እኔን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነፍቼ ስጨርስ ጎማውን በእጃቸው ጫን አድርገው ይፈትሹና «ይበቃዋል» ይሉኛል። ከጎሚስታው ይልቅ እሳቸውን አምን ነበር። ክረምቱ በዚህ ሁኔታ አለፈ።

ክረምቱ ሲወጣ የትዳር ነገር መጣ። ሲግናል ሰፈር የምትኖር፣ ከአንድ ዓመት በላይ የማውቃት ልጅ «በቃ፣ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። አባቷ ሥርዓት አጥባቂ ናቸው። ሽማግሌዎቹ እሁድ በማለዳ፣ እሳቸው ከቤት ሳይወጡ መድረስ አለባቸው ተባለ። እኔም ሁለት ሰዎች ለመንኩ። አንደኛው የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ሁለተኛው ቀድሞ እንጦጦ ሥር ገብስ ያርሱ የነበሩ አዛውንት ናቸው፤ በአማርኛ ይመርቃሉ፣ ሲናደዱ ግን በኦሮምኛ ያጉረመርማሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ እዚያው ሲግናል ነዋሪ ስለሆነ በር ላይ ሊጠብቃቸው ተስማሙ።

በሰፈራችን ሠርግም ሞትም የሚሄደው በእነዚሁ ሁለት ሰዎች ነው። ጋቢው አንድ ነው፣ ከዘራው አንድ ነው፣ የጉሮሮ አጠራረጋቸውም አንድ ነው። ለየትኛው እንደመጡ የሚያውቀው በሩን የሚከፍተው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከከፈተ በኋላ።

እሁድ ገና ሳይነጋጋ ደጄ ላይ ደረሱ። በእግራችን እስከ ታክሲው እንውረድ ብል አዛውንቱ ጉልበታቸውን ያዙ። «ሞተር አለህ አይደል?» አሉ። አለኝ። ለሰው ሁሉ ያወራሁት ነገር ነው፤ የለኝም ልል አልችልም። ሦስት ሰው በአንዲት ሞተር፣ እኔ ፊት፣ ሁለት ጋቢ ከኋላ። ዕቅዴ የልጅቷ ቤት ጋ ሳልደርስ ጥግ ላይ አውርጃቸው መደበቅ ነበር። ሙሽራ ሽማግሌዎቹን ራሱ ሲያመላልስ መታየት የለበትም።

ጎማው በእርግጥ ተኝቷል። ያን ቀን ደግሞ ከወትሮው ብሶበት መሬት ላይ ተዘርሯል። «አንድ ደቂቃ፤ መንፊያ ተውሼ ልምጣ» ብዬ ሞተሯን መግፋት ጀመርኩ። እዚሁ ይጠብቁኝ ብዬ ነበር። ብርድ ላይ ለምን እንቆማለን ብለው ተከተሉኝ። እማማ አጥር ጋ ስደርስ እጄን ወደ ክላክሱ ሰደድኩ። የዕድሩ ዳኛ እጄን ያዙኝ።

«ተው እንጂ። ለአማችነት የሚሄድ ሽማግሌ ክላክስ እያስነፋ አይሄድም። ደግሞ እሁድ ነው። ቀስ ብለህ አንኳኳ።»

ለሽማግሌ መታዘዝ እወዳለሁ፤ በተለይ ሚስት ሊጠይቁልኝ ሲሄዱ። ቀስ ብዬ አንኳኳሁ።

«ስንት ናችሁ?» አሉ እማማ።

ይህንን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ልቤ ሲግናል ነው ያለው፤ ሰዓቱ ሄዷል፤ ጎማው ተኝቷል። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ ለአለቃዬ፣ ለቤት አከራዬ፣ ለንስሐ አባቴ ሳይቀር። እውነተኛ ሰው ለመሆን ግን ያንን ጠዋት መረጥኩ።

«ሦስት ነን» አልኩ።

ቆይቶ የሳጥን ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። አሁንም ቆየ። አዛውንቱ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየነካኩ አጉረመረሙ። የዕድሩ ዳኛ «መንፊያውን አጥተውት ይሆን?» አሉኝ። እኔም ይሆናል አልኩ። አይ እኔ።

በሩ ሲከፈት እማማ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሰዋል። ልብሱ የችኮላ አልነበረም። በልካቸው የተሰፋ ነው፣ የእጃቸው ስፌት ነው፣ ታጥቦ ተተኩሶ የታጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም። ለሰፈሩ ልጆች ደንብ ልብስ በሚሰፉበት መኪና የራሳቸውንም ሰፍተው አስቀምጠው ኖሯል። «ለጊዜው ነው» እያሉን። አልጮኹም፣ ደረታቸውንም አልመቱም። እኔን አልፈው ሁለቱን ጋቢ አዩ።

«ግቡ» አሉ። «ስጠብቃችሁ ነበር።»

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ ማንም ቢሆን፣ አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ያበቃ ነበር። የተናገሩት የዕድሩ ዳኛ ናቸው። እኚህ ሰው የስንቱን በር አንኳኩተው የስንቱን ሰው መርዶ ሲናገሩ የኖሩ ናቸው። ጥቁር ልብስ ፊታቸው ሲቆም አንደበታቸው ባለቤቱን አላማከረም። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ።

እማማ የበሩን መቃን ያዙ። «የት ነው?» አሉ። «በረሃ ነው ውኃ?»

ጉድ ፈላ። ከአጥሩ ማዶ የነበረች ጎረቤት ይህንን ሰምታ እሪ አለች። ያኛው በር ተከፈተ፣ ይኼኛው በር ተከፈተ፣ ነጠላቸውን እየሳቡ ሴቶች ወጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወሬውን በሆዳቸው ይዘው የተጨነቁ ሰዎች በመጨረሻ ሊያለቅሱት ነው። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ብቻ ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ይዞ ከጥጉ ብቅ አለና ዳኛውን በዓይኑ ጠየቃቸው፤ ልንፋ ወይስ ልቆይ ነው ነገሩ። ለሌላ ነገር ሲጠሩት እንደዚያ ፈጥኖ ሲመጣ አይቼው አላውቅም።

«እማማ» አልኩ። «እማማ፣ መንፊያ ፈልገን ነው።»

ማንም አልሰማኝም። እሳቸው ግን ሰሙኝ።

«ምን?»

«ጎማው ተኝቶ ነው። መንፊያ ነው የፈለግነው። ሌላ ምንም የለም።»

«እነሱስ?»

«እነሱ የኔ ሽማግሌዎች ናቸው። ሲግናል ሚስት ሊጠይቁልኝ ነው የሚሄዱት።»

እማማ ወደ ዕድሩ ዳኛ ዞሩ። «ታዲያ ምን ብለህ ነው እግዜር ያጽናሽ ያልከኝ?»

ዳኛው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አሽከረከሩት። «ጥቁር ለብሰሽ ሳይሽ» አሉ፣ «ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ንፋስ ብቻ ነው?» አሉኝ እማማ። «ንፋስ ብቻ ነው» አልኩ። እንደገና ጠየቁኝ፣ እንደገና መለስኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

ለቅሶውን ማቆም ከማስጀመር ይበልጥ ጊዜ ፈጀ። አጥር ማዶ ያለችው ሴት መርዶ አይደለም ቢሏት «ታዲያ ለምን ታስለቅሱኛላችሁ» ብላ ተጣላችን። ጥሩምባ ነፊው እንዳዘነ ሄደ። እማማ ተነሥተው ገቡና መንፊያውን ይዘው ወጡ። አልቀየሩም፤ በጥቁር ልብሳቸው እንደሆኑ አጠገቤ ቆሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሞተሯን ግራና ቀኝ ደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ነፍቼ ስጨርስ እማማ ጎንበስ ብለው ጎማውን ጫን አደረጉና «ይበቃዋል» አሉ። «ሂዱ፤ የሰው አባት አታስጠብቁ።»

ሦስታችን በሞተሯ ላይ ተቆልለን ቁልቁል ስንወርድ ማንም አልተነፈሰም፤ ከጎማው በቀር። ዋናውን መንገድ ይዘን ብዙም ሳንርቅ አዛውንቱ ከኋላዬ ሆነው «ቁርጭምጭሚቴን ንፋስ ይነካኛል» አሉ። ሲነዳ ንፋስ አለ፣ ምን ይጠበስ አልኳቸው። «የመንገድ ንፋስ አይደለም፤ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው» አሉና በኦሮምኛ አንድ ነገር ጨመሩ። ምርቃት አልነበረም። ቆምን፤ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ጎማው ላይ ደገኑ። ሌሊት ሞተሯ በአንድ ጎኗ ተደግፋ ስታድር፣ ያን ቀን ደግሞ ሦስት ሰው ሲቆለልባት፣ ጎማው ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ቫልቮላው ከሥሩ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ከሥሩ ያለችው ስንጥቅ ትከፈታለች። ሳፋ ውስጥ ማን ይጫነዋል? የጎሚስታው ምርመራ ትክክል ነበር፤ ጎማው ምንም ካልተጫነው ፍጹም ጤነኛ ነው። ጎሚስታ ያጣውን ቀዳዳ አንድ የገብስ ገበሬ በቁርጭምጭሚታቸው አገኙት።

የቀረውን መንገድ ሞተሯን እየገፋን በእግር ሄድን። ሽማግሌዎቹ አርፍደው፣ አቧራ ለብሰው፣ ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ። የልጅቷ አባት ያንን ፊት አይተው ጉዳዩን እጅግ ያከበሩ ሰዎች ናቸው አሉ፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ልጃቸውን ሰጡኝ። ሚስቴ ይህንን ታሪክ ስናገር በሰማች ቁጥር ሳላፍር መናገሬ ይገርማታል።

ሰኞ አዲስ የውስጥ ጎማ ገዛሁ። ጎሚስታው እየገጠመ «እኔ ቫልቮላው ነው ብዬህ አልነበር?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ማክሰኞ ጠዋት ጎማው ድንጋይ ነው። ረቡዕም ድንጋይ። ሞተሯን አስነሥቼ በእማማ አጥር በኩል ስወርድ አንገቴን ደፍቼ ነው። ወደ እሳቸው የምሄድበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ለመሄድም ፊት አልነበረኝም። ሰውዬውን ጎማ አሳፈረው ይበሉኝ እንጂ በራቸውን ሁለተኛ አላንኳኳም አልኩ። ለእሳቸውም እፎይታ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ራሴን ለማሳመን ብዙ ጊዜ አይፈጅብኝም።

ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው የእኔን በር አንኳኩ። ጥቁሩን አውልቀው የወትሮ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ይግቡ ብላቸው አልገባም አሉ። ሞተሯ ጋ ሄደው ጎንበስ አሉና የኋላውን ጎማ ጫን አደረጉት።

«ዳነልህ አሉ።»

«ዳነ፣ እማማ። ቫልቮላው ነበር።»

«እንኳን ዳነልህ።»

መሄድ ሲገባቸው አልሄዱም። እኔም ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ፤ በእጃቸው ዝም በል አሉኝ።

«አንተ አልበደልከኝም፣ ልጄ። እኔ በየጠዋቱ በሩ ሲንኳኳ መጡ እላለሁ። ክላክሱንም ሰምቼ፣ አንተ መሆንህንም አውቄ፣ መጡ እላለሁ። ከዚያ አንተ ሆነህ፣ ንፋስ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያን ቀን መርዶ ነጋሪዎቹን ሸኘኋቸው ብዬ ሥራዬን እሠራለሁ። ይሄን ሳምንት ማንም አላንኳኳም። ቁጭ ብዬ በሩን ሳይ ነው የከረምኩት።» ጎማውን ለቀቁትና ቀና አሉ። «አንተ ከቀረህ፣ ቀጥሎ የሚያንኳኳው ማን ነው?»

እሳቸው መልስ ሊጠብቁ አልመጡም፤ ነጠላቸውን አጣፉና አጥር አጥሩን ይዘው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ሞተሯን ከቤት አወጣሁ። ጎማው አሁንም ድንጋይ ነው፤ እንከን የማይወጣለት አዲስ ጎማ። ተንበረከክሁና የቫልቮላውን ክዳን ፈታሁ፤ በምስማር ጫፍ ውስጡን ተጫንኩት። መንገደኛ አይቶ «ምን ነካህ፣ ደህናውን ታስተነፍሳለህ?» አለኝ። ጠዋት ነው፣ ሥራ ይረፍድብኛል፣ ነገሩም ለማስረዳት አይመችም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጎማው እስኪተኛ ጠበቅሁ።